ኮከብና ዓመት፦ የምዕራቡና የሩቅ ምሥራቁ ኮከብ ቆጠራ ሲነጻጸሩ

«ኮከባቸው አልገጠመም» ስንል ብዙ ጊዜ የሁለት ሰዎችን ጠባይ አለመስማማት መግለጻችን ነው። አነጋገሩ ግን ከአንድ ጥንታዊ ትምህርት የወጣ ነው፤ ይኸውም ሰው በተወለደበት ጊዜ የነበረው የሰማይ ወይም የዘመን ሁኔታ ጠባዩን፣ ትዳሩንና ዕድሉን ይወስናል የሚለው የኮከብ ቆጠራ ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት በዓለም ላይ ከተስፋፋባቸው መንገዶች ሁለቱ ጎልተው ይታወቃሉ። አንደኛው ከባቢሎን ተነሥቶ በግሪኮችና በዓረቦች በኩል ወደ አውሮፓ የተሻገረው የምዕራቡ ነው፤ ሁለተኛው ከቻይና ወደ ኮሪያ፣ ወደ ጃፓንና ወደ ቬትናም የደረሰው የሩቅ ምሥራቁ ነው።

በዚህ ትምህርት ሁለቱ ምን እንደሚቆጥሩ፣ በምን እንደሚስማሙና በምን እንደሚለያዩ፣ ክርስቲያንም ስለ እነርሱ ምን ማሰብ እንደሚገባው እንመለከታለን። ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 2026 እስከ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2027 ያለው ዓመት በቻይናውያን አቆጣጠር «የእሳት ፈረስ» ይባላል። ይህ ስም ከዚህ በፊት በ1966 በመጣ ጊዜ በጃፓን ብዙ መቶ ሺህ ሕፃናት ሳይወለዱ እንዲቀሩ ምክንያት ሆኖ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የምዕራቡ ትምህርት፦ ሰማይን ማንበብ

የባቢሎን ጠቢባን ሰማይን የሚመለከቱት በመጀመሪያ ስለ ተራው ሰው ሳይሆን ስለ ንጉሡና ስለ አገሩ ነበር። የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽ፣ የፕላኔቶች መውጣትና መጥለቅ የጦርነት፣ የረኃብ ወይም የጥጋብ ምልክት ተደርጎ በሸክላ ጽላት ላይ ይመዘገብ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ፀሐይ በዓመት ውስጥ የምትሄድበትን የሰማይ መንገድ እያንዳንዱ 30 ዲግሪ በሆነ በ12 እኩል ክፍል ከፈሉት። እስከ ዛሬ ከተገኙት የግለሰብ የልደት ኮከብ ጽሑፎች እጅግ ጥንታዊ የሆነውም በዚያው መቶ ዓመት፣ በ410 ዓመተ ዓለም፣ በባቢሎን የተጻፈ ነው።

ግሪኮች ይህን ከተቀበሉ በኋላ በጂኦሜትሪ አሳደጉት። በ2ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ፕቶሎሚ ስለ ከዋክብት እንቅስቃሴ ታላቅ መጽሐፍ ከጻፈ በኋላ ስለ ኮከብ ቆጠራ ደግሞ አራት ክፍል ያለው ሌላ መጽሐፍ አዘጋጀ። በዚህ ትምህርት መሠረት ቆጣሪው ሕፃኑ የተወለደበትን ሰዓትና ቦታ ይጠይቃል። ከዚያም በዚያች ሰዓት በምሥራቅ አድማስ ላይ ከ12ቱ ክፍሎች የትኛው ሲወጣ እንደ ነበረ፣ ፀሐይ፣ ጨረቃና በዓይን የሚታዩት አምስቱ ፕላኔቶች ማለት ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን የት የት እንደ ነበሩ ያሰላል። ለእሳት፣ ለመሬት፣ ለነፋስና ለውሃ፣ ማለት ለአራቱ ባሕርያት፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ክፍል ይደርሳቸዋል።

ከዚህ ትምህርት ወደ አገራችንም የደረሰ አለ። «ዐውደ ነገሥት» በሚባለው መጽሐፍ የሚገኙት ሐመል፣ ሠውር፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ሑትና የቀሩት ስሞች የዓረብኛ ስሞች ሲሆኑ፣ የሚያመለክቱትም እነዚያኑ 12 ክፍሎች ነው። ነገር ግን በዚህ መጽሐፍ ኮከቡ የሚወጣው ሰማይን በመመልከት አይደለም፤ የሰውየውና የእናቱ ስም በፊደል ቁጥር ተደምሮ በ12 ይገደፋል። ስለዚህ ስሙ የምዕራቡ ቢሆንም ስሌቱ ሌላ ነው።

በአውሮፓ ደግሞ ይህ ረቂቅ ስሌት በጊዜ ብዛት ተራ እየሆነ ሄደ። በ1930 በእንግሊዝ አገር ልዕልት ማርጋሬት በተወለደች ጊዜ አንድ የእሑድ ጋዜጣ የኮከቧን ትርጓሜ አትሞ አንባብያን ስለ ወደዱት፣ በየጋዜጣው «ኮከብዎ ምን ይላል?» የሚለው ዓምድ ከዚያ ወዲህ ተለመደ። በዚህ ዓምድ ሰዓቱም ሆነ ቦታው ቀርቶ፣ የሰው ዘር ሁሉ በተወለደበት ወር በ12 ይከፈላል።

2. የሩቅ ምሥራቁ ትምህርት፦ ዘመንን መቁጠር

የቻይና ነገሥታትም ሰማይን የሚጠብቁ ሊቃውንት ነበሯቸው። ንጉሠ ነገሥቱ የሚገዛው በሰማይ ፈቃድ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ ግርዶሽ ወይም ጅራታም ኮከብ ሲታይ መንግሥቱን ያሠጋ ነበር። በዚህ ትጋታቸው ዛሬም የሚያስመሰግን ሥራ ትተዋል። በ1054 በድንገት ያበራውን አዲስ ኮከብ መዝግበው ስለ ነበር፣ የዘመናችን ሊቃውንት ፈንድቶ የቀረውን ደመና አይተው ዕድሜውን ሊያውቁ ችለዋል።

ይሁን እንጂ ተራው ሕዝብ ለጋብቻና ለልደት የሚጠቀምበት ትምህርት በዋናው ከሰማይ ሳይሆን ከዘመን አቆጣጠር የወጣ ነው። ቻይናውያን ዕለታትን ለመቁጠር አንዱ 10፣ ሌላው 12 ምልክት ያሉትን ሁለት ተራ አጣምረው ይጠቀማሉ። ሁለቱ ተራዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ የመጀመሪያው ጥምር ተመልሶ የሚመጣው በ60ኛው መጨረሻ ነው። ይህ አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 ገደማ ጀምሮ በአጥንት ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በኋላም ዓመታትን፣ ወራትንና ሰዓታትን ለመቁጠር አገለገለ።

ለ12ቱ ምልክቶች 12 እንስሳት ተሰጡ፤ እነርሱም አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ዘንዶ፣ እባብ፣ ፈረስ፣ ፍየል፣ ጦጣ፣ ዶሮ፣ ውሻና ዐሣማ ናቸው። 10ሩ ምልክቶች ደግሞ ሁለት ሁለት እየሆኑ ለአምስቱ ኃይላት፣ ማለት ለእንጨት፣ ለእሳት፣ ለመሬት፣ ለብረትና ለውሃ ተመደቡ። «የእሳት ፈረስ» ማለት እንግዲህ የእሳት ምልክት ከፈረስ ዓመት ጋር የተገናኘበት ማለት ሲሆን በየ60 ዓመቱ አንድ ጊዜ ይመጣል። እኛ ዘመኑን በአራቱ ወንጌላውያን ስም እያፈራረቅን ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ እንደምንለው፣ እነርሱም ዓመቱን በእንስሳው ስም ይጠሩታል።

የሠለጠነው ቆጣሪ ግን በዓመቱ ስም ብቻ አይወሰንም። የልደት ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምልክት ስላላቸው በድምሩ ስምንት ምልክት ይሆናሉ። ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ስምንቱ ምልክቶቻቸው ይመዛዘናሉ። አንዱ የውሃ፣ ሌላው የእሳት ብዛት ያለው ሆኖ ከተገኘ ጋብቻው አይሰምርም ሊባል ይችላል።

3. ሁለቱ ሲነጻጸሩ

የሚስማሙባቸው ነገሮች ግልጽ ናቸው። ሁለቱም የጀመሩት ስለ መንግሥት ከመጠየቅ ሲሆን በኋላ ወደ ግለሰቡ ወረዱ። ሁለቱም 12 ቁጥርን መሠረት አድርገዋል። ሁለቱም የልደትን ሰዓት ይፈልጋሉ፤ በሕዝብ ዘንድ ሲሠራባቸው ግን አንዱ በወር፣ ሌላው በዓመት ብቻ ተወስኖ ቀርቷል።

ልዩነታቸውም እንዲሁ ግልጽ ነው። የምዕራቡ «ፕላኔቶቹ የት ነበሩ?» ብሎ ቦታን ይጠይቃል፤ የምሥራቁ «በተራው ስንተኛው ነው?» ብሎ ቁጥርን ይጠይቃል። የምዕራቡ አራት ባሕርያት አሉት፤ የምሥራቁ አምስት ኃይላት አሉት። በምዕራቡ ነፋስ አለ፣ እንጨትና ብረት የሉም፤ በምሥራቁ ደግሞ እንጨትና ብረት አሉ፣ ነፋስ የለም።

ጠለቅ ብለን ስንመረምር ግን ልዩነቱ ከታሰበው ያነሰ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ምክንያቱም ሁለቱም መጀመሪያ ከተመለከቱት ሰማይ ርቀዋል። የምድር ዛቢያ እንደሚሾር እንዝርት ቀስ እያለ ስለሚዞርና አንዱን ዙር በ26,000 ዓመት ገደማ ስለሚፈጽም፣ 12ቱ ክፍሎች በየ72 ዓመቱ አንድ ዲግሪ ያህል ስማቸውን ካወጡላቸው ከዋክብት ተለይተዋል። በማርች ወር ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት የምዕራቡ ቆጣሪ ፀሐይ ወደ ሐመል ገባች ይላል፤ በሰማይ ላይ ግን ፀሐይ በዚያ ዕለት የምትገኘው በሑት ከዋክብት ፊት ነው። ቆጣሪዎቹ ለዚህ ሲመልሱ «እኛ የምንነሣው ከቀንና ከሌሊት እኩልነት እንጂ ከከዋክብቱ አይደለም» ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ግን «ኮከብ» የሚሉት የዓመት ክፍል እንጂ ኮከብ አይደለም ማለት ነው።

በቻይናም የዓመታቱ አቆጣጠር በጥንት ጊዜ ሰማይን በ12 ዓመት ገደማ ከሚዞረው ከጁፒተር ጋር የተያያዘ ነበር። ጁፒተር ግን ዙሩን የሚጨርሰው ከ12 ዓመት ጥቂት ቀድሞ ስለሆነ ቁጥሩና ፕላኔቱ ተለያዩ፤ ቁጥሩም ፕላኔቱን ትቶ ብቻውን ቀጠለ።

በአገርና በአገር መካከልም ፍርዱ ይለዋወጣል። በቻይና የጥንቸል የሆነው ዓመት በቬትናም የድመት ነው። ጃፓን በ1873 የአውሮፓን አቆጣጠር ከተቀበለች ወዲህ የእንስሳውን ዓመት ከጃንዩዋሪ 1 ቀን ትጀምራለች፤ በ1966 የቻይናውያን አዲስ ዓመት የዋለው ግን በጃንዩዋሪ 21 ቀን ነበር። ስለዚህ በጃንዩዋሪ 10 ቀን 1966 የተወለደች ሕፃን በጃፓን ፈረስ፣ በቻይና ግን ገና እባብ ናት። ሕፃኗ አንዲት ናት፤ የተለያየው የቀን መቁጠሪያው ነው።

4. ቁጥር ፍርድ ሲሆን፦ የ1966 ነገር

በጃፓን ከብዙ ዘመን ጀምሮ በእሳት ፈረስ ዓመት የተወለደች ሴት ቁጡ ትሆናለች፣ የባሏንም ዕድሜ ታሳጥራለች የሚል እምነት ነበር። እምነቱም በ17ኛው መቶ ዓመት በቶኪዮ ከተማ ቤት አቃጥላለች ተብላ በእሳት ከተቀጣች ኦሺቺ ከምትባል የአትክልት ነጋዴ ልጅ ታሪክ ጋር ይያያዛል፤ እርሷም የተወለደችው የእሳት ፈረስ ዓመት በሆነው በ1666 ነው ይባላል። በ1906 ዓመቱ እንደ ገና ሲመጣ፣ በዚያ ዓመት ከተወለዱት ሴቶች ብዙዎቹ ለአካለ መጠን ሲደርሱ በተወለዱበት ዓመት ምክንያት ትዳር ተከልክለው ተቸግረዋል።

በ1966 ግን ጃፓን ፈጣን ባቡር የሠራች፣ በ1964 የኦሊምፒክን ጨዋታ ያስተናገደች፣ ሕዝቧም የተማረ አገር ነበረች። ሆኖም በ1965 የተወለዱት ሕፃናት 1,823,697 ሲሆኑ፣ በ1966 የተወለዱት 1,360,974 ብቻ ነበሩ። ይህም በአንድ ዓመት ውስጥ ከአራቱ አንዱ እጅ ጎደለ ማለት ነው። በተከታዩ በ1967 ደግሞ ቁጥሩ ወደ 1,935,647 ከፍ አለ። በመካከሉ ጦርነትም ሆነ ረኃብ አልነበረም። ብዙ ቤተሰቦች መውለድን አዘገዩ፤ ጽንስ ያስወረዱም ነበሩ። ሁሉም እምነቱን የተቀበሉ አይመስለንም፤ «እኔ ባላምንም ጎረቤት ያምናል፤ ነገ ልጄን ማን ያገባታል?» ብሎ የፈራ ወላጅ ግን እንዳመነው ያህል ሠራ። የአጉል እምነት ኃይሉ ይህ ነው፤ የማያምነውንም ሰው በሚያምነው ጎረቤቱ በኩል ይገዛዋል።

የዚህን ፍርድ ዋጋ ለመመዘን አንዲትን በዓለም የታወቀች ሴት እንመልከት። በሴፕቴምበር 11 ቀን 1966 የተወለዱት የጃፓን ልዕልት ኪኮ በምሥራቁ ቆጠራ የእሳት ፈረስ ናቸው፤ ቁጡና ባል የማይበረክትላቸው ሊሆኑ ነው። በምዕራቡ ቆጠራ ደግሞ ሰንቡላ ናቸው፤ ጭምት፣ ጥንቁቅና ሥርዓት ወዳድ ሊሆኑ ነው። አንዲት ሕፃን በአንድ ቀን ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ተፈረደባት። እርሳቸው ግን በ1990 ልዑል አኪሺኖን አገቡ፤ ትዳራቸው በ2025 35 ዓመት ሞላው። በ2006 የወለዱት ልጅም ከአባቱ በኋላ በዚያ ንጉሣዊ ቤተሰብ የተወለደ የመጀመሪያው ወንድ ነው።

5. የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ምስክርነት

ቅዱስ አውጉስጢኖስ በወጣትነቱ የኮከብ ቆጣሪዎችን መጻሕፍት ይወድ ነበር። ከዚህ ያላቀቀው አንዱ ነገር ፊርሚኖስ የሚባል ወዳጁ የነገረው ታሪክ ነው። ፊርሚኖስ በተወለደባት በዚያችው ቅጽበት በሌላ ቤት ከአንዲት ባሪያ ልጅ ተወልዶ ነበር። ኮከባቸው አንድ ሲሆን አንዱ በክብርና በሀብት አደገ፣ ሌላው በባርነት ቀረ። አውጉስጢኖስ ከአንድ ማኅፀን የወጡትን ያዕቆብንና ኤሳውንም እያነሣ፣ ቆጣሪው እውነት ቢናገር እንኳ በአጋጣሚ እንጂ በጥበብ አለመሆኑን አስረዳ።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በበኩሉ የሰማይ አካላት በሥጋችን ላይ ተጽዕኖ ሊኖራቸው እንደሚችል ባይክድም፣ አእምሮንና ፈቃድን ሊያስገድዱ እንደማይችሉ አስተማረ። ር.ሊ.ጳ. ሲክስቶስ 5ኛ በ1586 ባወጡት ድንጋጌ የሰውን ዕጣ የሚተነብየውን ኮከብ ቆጠራ ሲያወግዙ፣ ለእርሻ፣ ለመርከብ ጉዞና ለሕክምና የሚጠቅመውን ምልከታ ግን አልከለከሉም። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2116 ኮከብ ማስቆጠርን ከጥንቆላ ሥራዎች ጋር ይመድበዋል፤ ምክንያቱም በዘመንና በሰዎች ላይ ሥልጣን የማግኘት ፍላጎት የተሰወረበት ስለሆነ ነው።

ሁለቱ ዓለማት ፊት ለፊት የተገናኙት ግን በፔኪንግ ነው። የኮሎኙ ተወላጅ ኢየሱሳዊው አባ ዮሐን አዳም ሻል በ1644 የፀሐይን ግርዶሽ በትክክል አስቀድመው ስላሰሉ የንጉሠ ነገሥቱ የሥነ ፈለክ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኑ። ይህ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣው የዘመን መቁጠሪያ የበጎና የክፉ ቀናት ዝርዝርም ስለ ነበረበት፣ የገዛ ማኅበርተኞቻቸው ሳይቀሩ «ካህን ይህን ማድረግ ይገባዋልን?» ብለው ጠየቁ፤ ጉዳዩም እስከ ሮም ደረሰ። በ1664 ደግሞ ያንግ ጓንግሺያን የሚባል ተቃዋሚ፣ መሥሪያ ቤቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ጨቅላ ልጅ ቀብር ክፉ ሰዓት መርጧል፣ የእናቲቱና የንጉሠ ነገሥቱ ሞትም ከዚህ መጣ ብሎ ከሰሳቸው። በ1665 አባ ሻል ሞት ተፈረደባቸው፤ በዚያው ወቅት የምድር መናወጥ ስለ ደረሰ ከሞት ዳኑ። አምስት ቻይናውያን ክርስቲያን ባልደረቦቻቸው ግን አንገታቸው ተቀላ። እኒህ ሰዎች የሞቱት ሌላ ሰው በሰዓት ምርጫ ስላመነ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት አባ ፈርዲናንድ ፈርቢስት በ1668 መጨረሻ በአደባባይ በተደረገ ፈተና የቀትር ጥላ ምን ያህል እንደሚረዝም አስቀድመው ተናግረው አሸነፉ፤ መሥሪያ ቤቱም ተመለሰላቸው። እርሳቸውም ሰማይን መለካትና ዕጣን መተንበይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በቻይንኛ ጽፈው አስረዱ። የጥላው ርዝመት ተለክቶ ሐሰት ወይም እውነት ሊባል ይችላል፤ የቀብር ሰዓት «ክፉነት» ግን በምንም አይለካም።

6. እውነት የሚመስለው ለምንድን ነው?

አንዳንድ ሰው «እኔ ግን አስቆጥሬ ልክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ይላል። በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ «ይህ የእያንዳንዳችሁ ጠባይ መግለጫ ነው» ብሎ ጽሑፍ ሰጣቸው። ተማሪዎቹ ከ5 ነጥብ በአማካይ ከ4 በላይ ሰጡት። ጽሑፉ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ የተለቀመውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። በ1985 ደግሞ ሾን ካርልሰን በታዋቂው «ኔቸር» መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ 28 የተመረጡ ኮከብ ቆጣሪዎች የአንድን ሰው ልደት አይተው ከሦስት የጠባይ መግለጫዎች የእርሱን እንዲለዩ ተጠየቁ። ያገኙት ከሦስት አንድ ያህሉን ነው፤ ይህንም ያለ ምንም እውቀት በዕጣ የሚመርጥ ሰው ያገኘዋል።

7. ማጠቃለያ

እንግዲህ ሁለቱ ትውፊቶች ታላቅ ነገር ሠርተዋል፤ ሰማይን ለክተዋል፣ ዘመንን ቆጥረዋል። ይህ ለሰው ከተሰጠው የማወቅ ጸጋ የመጣ ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። ለዓመት ስም ማውጣትም ሆነ የአዲስ ዓመትን በዓል በእንስሳ ሥዕል ማድመቅ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የሚጀምረው ቁጥሩ ስለ ቀኑ መናገሩን ትቶ በሰው ላይ ሲፈርድ ነው። ያን ጊዜ ሕፃን ሳይወለድ ይፈረድበታል፣ ሙሽራ ሳትታወቅ ትጣላለች፣ ንጹሕ ሰው አንገቱ ይቀላል።

«ሰብአ ሰገልስ በኮከብ አልተመሩምን?» የሚል ቢኖር፣ ታላቁ ጎርጎርዮስ እንዳስተማረው ኮከቡ ሕፃኑን አገለገለ እንጂ ሕፃኑ በኮከቡ አልተገዛም። በልደት ቀኑ ምክንያት የሚናቅ ወይም ትዳር የሚከለከል ሰው በመካከላችን ቢገኝ፣ የእኛ ድርሻ ቁጥሩን ሳይሆን ሰውየውን መመልከት ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የምዕራቡና የምሥራቁ ቆጠራ ከሰማይ የራቁት በምን ምክንያት ነው?
2. በ1966 እምነቱን ያልተቀበሉ ወላጆች ጭምር ለምን ልጅ መውለድን ፈሩ? በአካባቢያችን ተመሳሳይ ፍርሃት ይገኛልን?
3. ሰማይን በመለካትና ዕጣን በመተንበይ መካከል ያለውን ልዩነት ለልጆቻችን እንዴት እናስረዳለን?
4. ለትዳር የሚፈላለጉ ወጣቶች «ኮከባችሁ አይገጥምም» ቢባሉ፣ ቤተሰባቸው ምን ሊመልስ ይገባዋል?